በግራ በኩል መተንፈስ

ታማራይ ከቀኑ ሃያ አራት ሰዓት ውስጥ የራሷ የምትላቸው አርባ ደቂቃዎች ብቻ ነበሯት፤ እነሱም ውሃ ውስጥ ነበሩ። የሰፈሩ መዋኛ ገንዳ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሲከፈት ባሏን በክርኑ ይዛ ትገባለች። በገንዳው ወገብ በኩል፣ ጥላው ሥር ያለው ረጅም ወንበር ላይ ታስቀምጠዋለች። አጠገቡ ያለውን ቦታ ሌላ ሰው እንዳይይዝባት እንደ አገሩ ደንብ አንዲት እሽግ ሶፍት ትጥልበታለች። ከዚያ የእጅ ቦርሳዋን ጭኑ ላይ ታኖርለታለች።

«የካያል አባት፣ ይቺን ቦርሳ አደራ። እስክመለስ ይያዙልኝ።»

«የማን ናት?»

«የተሳፋሪ ናት። ረስቷት ወርዶ ነው።»

«ይዣታለሁ። ሂጂ» ይላታል፣ ቦርሳዋን በሁለት እጁ ጭምቅ አድርጎ።

ሰውየው በደህናው ጊዜ የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በሲንጋፖር አውቶቡሶች ላይ እየወጣና እየወረደ ትኬት ሲመረምር፣ ተሳፋሪ ሲቆጥር ኖሮ ጡረታ ወጣ። ጡረታ በወጣ በአራተኛው ዓመት አእምሮው እሱን ትቶ በየፌርማታው መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን ስም፣ ቀጥሎ የሚኖርበትን ፎቅ ረሳ። አንድ ቀን ከቤት ወጥቶ ጠፍቶባት፣ ግማሽ ቀን ስትንከራተት ውላ፣ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ቆሞ አንዱን ወጣት ሹፌር ስለ ሸሚዙ ቁልፍ ሲገስጸው አገኘችው። አደራን ግን አልረሳም። ዕቃ ያዝልኝ ካሉት ሰማይ ቢደረመስ ከተቀመጠበት አይነሳም። ታማራይም ይህን ካወቀች ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያች ቦርሳ አስራው ትዋኛለች።

እንደ ታሚሎች ወግ የባሏን ስም አትጠራም። እናቷ አባቷን አንድም ቀን በስሙ ሳትጠራ ነው የሞተችው፤ አያቷም እንደዚሁ። ታማራይም በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር «የካያል አባት» ከማለት አልፋ አታውቅም፤ ካያል ከመወለዷ በፊትማ «ይስሙኝ» ብቻ ነበር የምትለው። ልጇ ካያል የገዛ ባሏን ከመኪና ማቆሚያው ማዶ በስሙ ስትጮኽበት ታማራይ እስከ ዛሬ አንገቷን ትደፋለች።

ወደ ገንዳው ጥልቅ ጫፍ ስትዋኝ ወንበሩ በቀኟ በኩል ነው። በነጻ ቀዘፋ፣ ክንዶቿን ተራ በተራ እየወረወረች ትሄዳለች፣ በቀኟ ትተነፍሳለች፣ በተነፈሰች ቁጥርም ታየዋለች። ቦርሳው አለ፣ ሰውየው አለ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከአጥሩ ጀርባ የሚያልፉትን አውቶቡሶች የሚቆጥር ይመስላታል። ስትመለስ ወንበሩ በግራዋ ይሆናል፤ በግራ መተንፈስ ደግሞ አትችልም። ስለዚህ በደረት ቀዘፋ፣ ጭንቅላቷን እንደ ኤሊ አውጥታ፣ አንገቷን ጠምዝዛ እያየችው ትመለሳለች። የገንዳው የጠዋት ሰዎች ይህን አይተው ምንም አይሉም። የሰባ አራት ዓመቱ አጎት ቦክ ብቻ፣ የሰው ሁሉ አጎትና የሰው ሁሉ ነዝናዛ፣ በወንበሩ ፊት ባለፈ ቁጥር የዕቃ ሳጥኑን ቁልፍ አውጥቶ ለባሏ ያሳየዋል።

«ትኬት ይኸው፣ ኢንስፔክተር!»

«እለፍ» ይለዋል ባሏ ቁልፉን በቁም ነገር መርምሮ። ታማራይ ይህን የሽማግሌ ቀልድ ነው ብላ ታልፈዋለች። ባሏ ምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም። «ውሃ ስለማይወድ ነው» ትላለች ቢጠይቋት።

ሕመሙ የጀመራት በዝናቡ ወራት ነው። ከግራ ትከሻዋ ኋላ፣ ሰፊው አጥንት ሥር፣ አንድ ሰው ማንኪያ ከትቶ የሚያማስላት ይመስል ያማታል። መጀመሪያ ትራሱን ወቀሰች፤ ትራስ ቀየረች። ቀጥሎ የገበያ ዘንቢሏን ወቀሰች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው፤ ዋናዋን መውቀስ አልፈለገችም። ጸጉሯን ለመጎንጎን ክንዷን ማንሳት ሲያቅታት ግን ስትቀባው የሰነበተችውን የሚያቃጥል ቅባት ጥላ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ እነሱም ወደ ፊዚዮቴራፒ መሯት።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሃይዳ የምትባል ወጣት የማላይ ልጅ ነበረች፤ ሻሿ ሎሚ ቀለም፣ እጇ እንደ ዳቦ ጋጋሪ ጠንካራ። ታማራይ ባሏን ከነቦርሳው ከበሩ ውጭ አስቀምጣው ገባች። ሃይዳ ቅጹን እየሞላች፣ «አክስቴ፣ አንድ ነገር ቢፈጠር የምንደውልለት ሰው?» አለቻት።

«ልጄ ናት። ካያል።»

«የባለቤትዎስ ስም?»

ታማራይ እጇን ዘርግታ እስክሪብቶውን ወሰደችና «ናቴሳን» ብላ ጻፈች። ሃይዳ ከታሚሎች ጋር በአንድ ሕንጻ ያደገች ስለሆነች ነገሩ ገባት። ወረቀቱን ተቀብላ ቀጠለች።

ከዚያ ጀርባዋን አሳይታ እንድትቆም፣ ሁለቱን እጆቿንም ቀስ ብላ እንድታነሳና እንድታወርድ አደረገቻት። ስታወርድ የግራው አጥንት ከጎድኗ ተነጥሎ ብቅ አለ።

«ያ አላህ! አክስቴ፣ ይሄኛው ትከሻዎ ክንፍ አውጥቶ ሊበር ነው እኮ።»

«ብቻውን እንዳይሄድ። እኔንም ይውሰደኝ።»

ሃይዳ ሳቀች። ታማራይ ግን የምሯን ነበር።

«ይስሙኝ። አጥንቱን ከጎድንዎ ጋር አጣብቆ የሚይዘው ጡንቻ ደክሟል። በቀዘፉ ቁጥር አጥንቱ ያለ ያዥ ይዋልላል፣ ሥር ያሉትን ጅማቶች ይፈጫል። ሦስት ሳምንት ዋና የለም። በምትኩ ግድግዳ ይገፋሉ።» ግድግዳው ፊት ወስዳ አቆመቻት። «መዳፍዎን በትከሻዎ ልክ ያሳርፉ። ይጠጉና ይግፉ። ክርንዎ ቀጥ ሲል አያቁሙ፤ ገና አለ። ከማዶ ያለው ጎረቤት ሙዚቃ አብዝቶብዎታል እንበል። ጀርባዎ ትንሽ እስኪጎብጥ ይግፉት። አዎ! አሥራ ሁለት ጊዜ፣ በቀን ሁለቴ። ላስቲኩንም ወደ ደረትዎ ይስቡ።»

«ሦስት ሳምንት» አለች ታማራይ። ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማችው ይህንኑ ነበር።

ቤታቸው ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። ከበሩ እስከ መስኮቱ አሥራ አራት እርምጃ ነው፤ በእነዚያ ቀናት በደንብ አወቀችው። በሩ ሁለት ቁልፍ አለው፣ ሁለቱም በአንገቷ ክር ላይ ተንጠልጥለዋል። ጠዋት ግድግዳውን ትገፋለች። ባሏ ከኋላዋ ቆሞ፣ «ምን ሆና ቆመች? ሞተሯ ጠፋ?» ይላታል። «አዎ፣ ጠፋ» ትለዋለች። ኢድሊ የሚባለውን የሩዝ ቂጣ በእንፋሎት አብስላ ታበላዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ ያለበሰችውን ያወልቃል፣ መልሳ ታለብሰዋለች። ከሰዓት በኋላ ግድግዳውን ትገፋለች። አሥራ ሁለቱ ስድሳ ሆነ፤ እንዲያ ካደረግሁ ሦስቱ ሳምንት ወደ አንድ ያጥራል ብላ። አላጠረም። እንዲያውም እሷ ስትገፋው ግድግዳው ወደ እሷ የሚመጣ ይመስላት ጀመር።

ካያል ትደውላለች። የምትኖረው ከደሴቲቱ ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ ሥራዋ ብዙ፣ ልቧ ጥሩ፣ ምላሷ ፈጣን።

«እማ፣ ያልኩሽ የአረጋውያን መኖሪያ አልጋ ተገኝቷል። እስከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ አርብ መልስ ይፈልጋሉ።»

«አባትሽ ደህና ነው። ትንሽ አርጅቷል እንጂ።»

«ባለፈው ስመጣ እኮ ትኬት ጠየቀኝ!»

«ቀልድ ነው። ቀልድ አታውቂም?»

ታማራይን ያስፈራት ልጇ አልነበረችም። በአሥረኛው ቀን ባሏ «ሰማንያ ስምንት ቁጥር አውቶቡስ አልፋለች?» የምትለዋን አንዲት ጥያቄ ከምሳ እስከ ምሽት ሲጠይቃት ዋለ። መልሳ መልሳ ደከማት። በመጨረሻ ስልኩን አንስታ የካያልን ቁጥር ከፈተች፤ አፏ ውስጥ «እሺ» የምትለው ቃል ተዘጋጅታ ነበር። ልትል ነበር። ይህን ሰው እየወደደችው ልትሰጠው ነበር፤ ምክንያቱም በቃ፣ አየር አልነበራትም። ስልኩን አስቀምጣ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። በማግስቱ የዋና ልብሷን ከቀሚሷ ሥር ለበሰችና ባሏን በክርኑ ይዛ ወጣች።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ሃይዳ ፊቷን አየቻትና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«አክስቴ፣ ዋና አቁመዋል?»

«አቁሜያለሁ እንጂ።»

«ታዲያ በዓይንዎ ዙሪያ ያሉት ሁለት ክቦች ምንድን ናቸው? የጉጉት ዘር አለብዎት?»

የታማራይ እጅ ወደ ዋና መነጽሯ ምልክት ሄደ፤ ዘግይቶም ቢሆን ሄደ።

«በደረት ቀዘፋ ብቻ ነው» አለች።

«ብቻ?»

«...ትንሽ በነጻም።»

ሃይዳ አልተቆጣችም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የምትል ዓይነት ሰው ነበረች። አልጋው ላይ በደረቷ አስተኛቻትና ጭንቅላቷና ክንዶቿ ከጫፉ እንዲያልፉ አደረገች። «እሺ፣ ይዋኙ። ልክ ገንዳው ውስጥ እንዳሉ።» ታማራይ አፍራ ጀመረች፤ ከጥቂት ቀዘፋ በኋላ ግን ሰውነቷ ራሱ ያዘው። ሃይዳ አንድ እጇን የግራው አጥንት ላይ አሳርፋ እንቅስቃሴውን ተከተለች።

«አሁን ይቁሙ! እንዲህ እንዳሉ ይቆዩ። በቀኝ ዞረው እየተነፈሱ ነው አይደል? ግራ ክንድዎ የት ነው ያለው?»

«ከፊት።»

«ከፊት ተዘርግቶ ውሃውን ወደ ታች እየተጫነ፣ መላ ጭንቅላትዎን ተሸክሞ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቢሆን ምንም ባልሆነ ነበር። እርስዎ ግን ትንፋሹን ጨርሰውም አይመለሱም። አፍዎ ተዘግቷል፣ ፊትዎ ግን እዚያው ነው። አየር መውሰድ ይህን ያህል አይፈጅም፣ አክስቴ። ምንድን ነው የሚያዩት?»

«ምንም።»

«ምንም የሚያይ ሰው አንገቱን እንዲህ አይጠመዝዝም።»

ታማራይ ተነስታ ተቀመጠች። ከበሩ ወዲያ ባሏ ለአንዲት ነርስ «ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ፣ ወደ ውስጥ!» ሲል ተሰማ። ሃይዳ ወደ በሩ ተመለከተች፤ ከዚያ ቅጹ ላይ በእጅ ወደተጻፈው ስም፤ ከዚያ ወደ ታማራይ።

«ስንት ጊዜ ሆናቸው?» አለች ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ ታማራይ ሁሉንም ነገረቻት። መናኸሪያውን፣ ቦርሳዋን፣ ሁለቱን ቁልፎች፣ ለካያል ልትላት የነበረችውን «እሺ» ሳይቀር። ስትናገር ትከሻዋ ራሱ ወረደ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ እሷ ደግሞ በውሃ ውስጥ እንኳ እረፍት አልነበራትም።

«ስለዚህ» አለች ሃይዳ፣ «ሁለት ምርጫ ነው ያለው። ወይ ነጻ ቀዘፋን ይተዋሉ፤ ወይ በግራ መተንፈስ ይማራሉ። ለስድስት ሳምንት በቀኝ የሚባል የለም። በግራ፣ አፍ ብቻ፣ ወስዶ መመለስ። ዓይን አይከተል።»

«በግራማ ወደ ጥልቁ ስሄድ የማየው የማዶውን ግድግዳ ነው።»

«አዎ።»

«እሱን አላየውም።»

«ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ስንት ይፈጅብዎታል?»

«አንድ ደቂቃ ከሩብ።»

«ለአንድ ደቂቃ ከሩብ ዓይኑን የሚጥልልዎ ሰው የለም? የገንዳው ጠባቂስ?»

«ከነገርኩት አጃቢ የሌለው ሰው አይገባም ይሉኛል። ያኔ እሱም እኔም ቤት ነን።» አንገቷ ላይ ያሉትን ቁልፎች በጣቷ አሽከረከረቻቸው። «ቦርሳዋን ይይዛል» አለች ኋላ፣ ለሃይዳ ሳይሆን ለራሷ። «አደራ አይጥልም።»

አርብ ጠዋት ነበር፤ ለካያል መልስ የሚሰጥበት አርብ። ታማራይ ሶፍቷን ጣለች፣ ቦርሳዋን ጭኑ ላይ አኖረች።

«የካያል አባት፣ አደራ።»

«ሂጂ» አላት፣ ሳያያት።

ገባች፤ ግድግዳውን በእግሯ ገፍታ ፊቷን ውሃ ውስጥ ከተተች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቀዘፋ፤ ከዚያ በግራ። ውሃ ዋጠች። እንደ ሕጻን ተንፈራገጠች። በሁለተኛው ግማሽ ትንፋሽ አገኘች፤ በሦስተኛው ሙሉ። በዚህ በኩል ማንም አልነበረም። ነጭ ግድግዳ፣ አንድ ዛፍ፣ ከዛፉ በላይ የሕንጻዎቹ ልብስ በየመስኮቱ በረጅም እንጨት ተዘርግቶ። ከእሷ ምንም የሚፈልግ ነገር አልነበረም። የግራ ክንዷ ወደ ፊት ሲንሸራተት አጥንቱ ጎድኗን አቅፎ አብሮት ሄደ፤ አላመማትም። አምስት፣ ስድስት ጊዜ ከተነፈሰች በኋላ ባሏን ረሳችው። አምላኳ ሙሩጋን ይቅር ይበላት፣ ፈጽማ ረሳችው፤ ያቺ ታማራይ ብቻ የሆነች ሴት፣ ከማንም ጋር ሳትጋባ በፊት የነበረችው፣ ተመልሳ መጣች። ደስታው ያስለቅስ ነበር።

እጇ የማዶውን ጫፍ ነካ። ዞራ ተመለከተች።

ወንበሩ ላይ ቦርሳዋ ብቻዋን ተቀምጣለች።

ያችን ቦርሳ ብቻዋን አይታት አታውቅም። ከዚያ አየችው። ከነጫማው፣ ከነካልሲው፣ በእርጥቡ ንጣፍ ላይ በገንዳው ጠርዝ ጠርዝ ወደ ጥልቁ መጥቷል፤ አጎንብሶ ውሃውን ይመረምራል። ከእሷ አሥር እርምጃ አይሆንም። አንድ እግሩን አነሳና ወደ ውሃው ዘረጋ፤ ልክ ከአውቶቡስ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው፣ ሳይቸኩል።

«የካያል አባት!»

አልዞረም።

«የካያል አባት! ይቁሙ!»

ካያል ማን እንደሆነች በዚያች ሰዓት አያውቅም ነበር። እግሩ አየር ላይ ነው። የታማራይ ጉሮሮ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተዘጋውን በር በረገደው።

«ናቴሳን!»

የሚዋኙት ቆሙ። እሱም ቆመ፤ አንድ እግሩን እንዳነሳ፣ አስተማሪ እንደጠራው ተማሪ ፊቱን ወደ ድምፁ መለሰ። እንዲህ ብላ የምትጠራው እናቱ ብቻ ነበረች። በዚያች ቅጽበት የነፍስ አድን ሠራተኛው ሳምሱሪ ሮጦ ደርሶ በብብቱ ያዘው።

ታማራይ ከውሃው እንዴት እንደወጣች አታውቅም። ፊቱ ቆመች፣ ውሃው ከላይዋ እየወረደ።

«ሴትዮ» አላት በጭንቀት፣ ቆቧንና መነጽሯን እያየ፣ «ባለቤቴን አላየሻትም? እዚህ ገብታ ነው ፊቷ የጠፋው። ልወርድ ነው።»

መነጽሯን አወለቀች፤ ቆቧንም።

«ይኸው። እዚህ ነኝ።»

ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ እፎይ አለና ወዲያው ተቆጣ። «የት ነበርሽ? ሃያ ሁለት ነው ሁልጊዜ! ስትሄጂ ሃያ ሁለት ጊዜ ፊትሽ ይወጣል፤ እቆጥራለሁ። ዛሬ አንድም የለም። ዜሮ! ተሳፋሪ ጎድሎ አውቶቡስ ይሄዳል?»

ያን ጊዜ ገባት። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ የቆጠረው አውቶቡስ አልነበረም። ሁለት ዓመት ወንበሩ ላይ ያሰረችው በቦርሳው አልነበረም። እሷ ጠብቄዋለሁ ስትል እሱ ሲጠብቃት ኖሯል፤ የሚጠብቀውም ፊቷን ነው፤ ፊቷን ካዞረች ውሃ ውስጥ ይገባል። ሐዘን መቅደም ነበረበት፤ የመጣው ግን ንዴት ነው።

«ፊቴ የኔ ነው!» ብላ ጮኸችበት። «ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ያንተ ነው፣ እጄም ያንተ ነው፣ ሌሊቴም ያንተ ነው! ፊቴን ለአንድ ደቂቃ ከሩብ ለራሴ ብይዘው ምን አለበት? እኔም እኮ አየር ያስፈልገኛል!»

ሳምሱሪ መሬት መሬት አየ። ናቴሳን እጁን አንስቶ እርጥብ ጉንጯን በመዳፉ ነካ፣ አለ የለም ብሎ እንደሚያረጋግጥ።

«ያንቺ ነው» አላት። «እኔ መኖሩን ብቻ ነው የምቆጥረው።»

ተቀመጠች፤ እዚያው ንጣፉ ላይ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ አለቀሰች፣ ማን አየኝ ሳትል።

አጎት ቦክ ቦርሳዋን ይዞ እየተጎተተ መጣ። ውስጧ ስልኩ ይጮኻል። «ኢንስፔክተር፣ አደራህን ጥለህ ሄድክ እኮ» አለና ለናቴሳን አስታቀፈው። ከዚያ ወደ ታማራይ ጎንበስ ብሎ፣ «ውሃ ስለማይወድ ነው አላልሽም ነበር? ምነው ታዲያ በጫማ ሊዋኝ?» አላት። ከእንባዋ መሃል ሳቅ አመለጣት። ሽማግሌው ሁለት ዓመት ቁልፉን ሲያሳይ የኖረው አውቆ እንደሆነ ያን ጊዜ ተረዳች።

የደወለችው ካያል ነበረች።

«እማ! ሰዎቹ እየጠበቁ ነው። እሺ ልበላቸው?»

ታማራይ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ካያል፣ አባትሽ ታሟል። በጣም። ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ስዋሽሽ ነበር። ዛሬ ደግሞ ጥልቁ ውስጥ ሊገባ ነበር።»

«ወይኔ አባቴን! አየሽ? ለዚህ እኮ ነው—»

«ሊያወጣኝ ነው ሊገባ የነበረው።»

ታማራይ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች።

«እሺ አልልም» አለች ታማራይ። «ወደፊት ልል እችላለሁ፤ ዛሬ አልልም። አንቺ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት መጥተሽ እዚህ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ። ትኬት ከጠየቀሽ ታሳዪዋለሽ።» መልስ ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋች።

ሳምሱሪ አሁንም የናቴሳንን ክርን እንደያዘ ነበር። «አክስቴ፣ ሃያ ደቂቃ ይቀርዎታል» አለ። «እኔ መጠበቂያ ማማዬ ላይ ሆኜ ዓይኔን ከሱ አላነሳም።»

ባሏን በገንዳው ዙሪያ አዙራ ወደ ማዶው ወንበር ወሰደችው፤ ወደ ነጩ ግድግዳ በኩል። የአጎት ቦክ ፎጣ ተዘርግቶበት ነበር፤ ሽማግሌው «ለኢንስፔክተር ወንበር ይለቀቃል» ብሎ አነሳላቸው። ታማራይ ፊቱ ተንበረከከች።

«የካያል አባት፣ ይስሙኝ። ከዛሬ ጀምሮ ስሄድ ይቆጥሩኛል፤ ሃያ ሁለቱንም። ስመለስ ግን ፊቴ አይወጣም። ባዶ ነኝ፤ ወደ ጋራዥ የምትመለስ አውቶቡስ ነኝ።»

አሰበ። በዚህ ጉዳይ አእምሮው ደህና ነበር። «ባዶ አይቆጠርም» አለ። «ባዶ ማን ይቆጥራል?»

«እንግዲያው አይነሱም?»

«ለባዶ አውቶቡስ ማን ይነሳል!»

ነገ ይህን ሁሉ እንደሚረሳው ታውቃለች። ነገ ደግሞ ተንበርክካ ታስረዳዋለች፤ ከነገ ወዲያም።

ወደ ጥልቁ ስትሄድ በግራዋ ሆነ። አፏን ብቻ አወጣች፣ አየሯን ወስዳ ተመለሰች፤ ለማየት አልቆየችም፣ የሚቆጥራት እሱ ነውና። የተቆጣጣሪ ድምፁ እየጎላ በውሃው ላይ ይከተላት ነበር። ከጫፉ ዞራ መመለስ ስትጀምር ድምፁ ቆመ። የምትተነፍስበት ጎን የድሮው ወንበር ነው፤ ባዶውን ቆሟል፣ ሶፍቷ ብቻ እላዩ ላይ ቀርታለች። እንደ ቅድሙ አልረሳችውም፤ ያ ዳግም አይመጣ ይሆናል። በየትንፋሹ መካከል አሁን ተነስቶ ይሆን፣ እግሩን አንስቶ ይሆን እያለች ፈራች። ፊቷን ግን አላዞረችም። እስከ መጨረሻው የራሷ አደረገችው።

ጫፉን ስትነካ ወዲያው ቀና አላለችም። አንድ ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ እዚያው፣ ፊቷ ውሃ ውስጥ እንዳለ ቆየች። ከዚያ ተነሳች።

ወንበሩ ላይ ነበር፣ ቦርሳዋን አቅፎ። ሲያያት ብድግ ሊል ቃጣውና ራሱን ያዘ።

«ባዶ ነሽ?» ብሎ ከሩቅ ጮኸባት፤ ገንዳው ሁሉ ሰማ።

«ባዶ ነኝ!»

እጁን ዘርግቶ መንገዱን አሳያት። «እለፊ» አላት።